ፎቶውን ራሴ ልኬለት ሕግ ይረዳኛል ወይ?

ጥያቄ፦ «የ26 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እጮኛ ነበረኝ። ወደ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ከሄደ በኋላ እየለመነኝ በቴሌግራም የእርቃን ፎቶዎች ላክሁለት። ከተለያየን ወዲህ ‹ያወጣሁብሽን ሦስት ሺህ ዶላር ካልመለስሽ ፎቶዎቹን ለአባትሽና ለመሥሪያ ቤትሽ እልካለሁ› እያለ ይጽፍልኛል። ባለፈው ሳምንት አንዱ ፎቶ ከነስሜ አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ ወጣ፤ ያየችው የአክስቴ ልጅ ናት። ራሴ ስለላክሁለት ጥፋቱ የእኔ ነው? ፖሊስ ጋ ብሄድ እኔን ራሴን በብልግና ይከሱኝ ይሆን? አሜሪካ ያለን ሰው ማን ይነካዋል? አጎቱ ነገሩ በሽምግልና ይለቅ ይላሉ። ከፍዬ ብገላገልስ? ስልኬ ላይ ያለውንስ ሁሉ ላጥፋው?»

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር፤ ሌላው ጥቂት ቀን ሊጠብቅ ይችላል፣ ይህ ግን አይጠብቅም። ምንም ነገር አያጥፉ። ፎቶውንም፣ ጭውውቱንም፣ የድምፅ መልእክቱንም፣ ንቀው ያለፉትን ስድብ እንኳ አያጥፉ። የተዋረደ ሰው የመጀመሪያ ስሜቱ የሆነውን ሁሉ ከስልኩ ጠርጎ ማስወጣት ነው። እንዲህ ባደረገ ሰው እጅ ግን መርማሪ ፊት የሚቀርብ ነገር አይቀርም።

የቴሌግራም አሠራር ደግሞ ነገሩን የበለጠ አስቸኳይ ያደርገዋል። በቴሌግራም የሁለት ሰዎች ጭውውት ውስጥ ከሁለቱ አንዱ በፈለገ ጊዜ መልእክቶችን ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋ ይችላል፤ ራሱ የጻፈውን ብቻ ሳይሆን ሌላው የጻፈለትንም፣ የቆየውንም ጭምር። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ እንዲህ ነው። ሰውዬው እርስዎ ሕግ ፊት ሊቆሙ መሆኑን ከጠረጠረ፣ ቨርጂኒያ ተቀምጦ ዛቻውን ከእርስዎ ስልክ ላይ ሊያጸዳው ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ማስረጃዎን ያስቀምጡ። ቴሌግራምን ኮምፒውተር ላይ ከፍተው የጭውውቱን ታሪክ ወደ ፋይል የሚያወጣውን ትእዛዝ ይጠቀሙ፤ እያንዳንዱ መልእክት ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ይወጣል። ኮምፒውተር ከሌለዎት ስክሪንሾት ያንሱ፤ ነገር ግን የዛቻዋን መስመር ብቻ ነጥለው አያንሱ። ከሰውዬው መገለጫ ገጽ ይጀምሩ፤ ስሙ፣ ስልክ ቁጥሩና የተጠቃሚ ስሙ ይታይ። ከዚያ ጭውውቱን ከላይ ወደ ታች በተከታታይ፣ አንዱ ስክሪንሾት የሌላውን ጫፍ እየነካ ያንሱት። በሚስጥራዊ ጭውውት የተላከና ስክሪንሾት የሚከለክል ከሆነ በሌላ ስልክ ያንሱት። ገንዘቡን የሚልኩበት የባንክ ሒሳብ ወይም የቴሌብር ቁጥር ከሰጠ ያንን በተለይ ይጠብቁት፤ የተጠቃሚ ስም በአንድ ደቂቃ ይቀየራል፣ የባንክ ሒሳብ ግን ባለቤት አለው።

ቻናሉ ላይ የወጣውንም እንዲሁ ያስቀምጡ፤ የቻናሉን ስም፣ የልጥፉን ሊንክ፣ የወጣበትን ቀንና ሰዓት፣ የተመልካቾቹን ቁጥር፣ ከሥሩ የተጻፈውን ስምዎን። የአክስትዎ ልጅ ምስክር ናት፤ መቼና እንዴት እንዳየችው ሳትረሳው በጽሑፍ ትያዘው። ፎቶውን ግን «ይህቺ እሷ አይደለችም?» እያለች ለሌላ ዘመድ እንዳታስተላልፍ አጥብቀው ይንገሯት። በመቆርቆርም ይሁን በክፋት፣ ወደ ሌላ ሰው የተላከ ፎቶ ተሰራጨ ነው የሚባለው። በማስረጃነት የሚያገለግለው ዋናው ስልክዎ ስለሆነ ነገሩ እስኪያልቅ አይሽጡት፣ አይቀይሩት፣ ወደ ፋብሪካ ይዘቱም አይመልሱት።

«ራሴ ልኬለት» ወደሚለው ልመለስ፤ ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የነሳዎት ይህ ይመስለኛል። ለአንድ ሰው የተሰጠ ፈቃድ ከዚያ ሰው አያልፍም። ይህ የእኔ ማጽናኛ አይደለም፤ ኢንተርኔት ከመፈጠሩ በፊት የተጻፈ ሕግ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ ሊታይ፣ ሊባዛ ወይም ለሽያጭ ሊቀርብ እንደማይችል ይደነግጋል። አንቀጽ 28 ከዚህ የሚወጡትን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ የሰውዬው ታዋቂነት ወይም ሹመት፣ የፍትሕና የፖሊስ ሥራ፣ የሳይንስና የባህል ጥቅም፣ ሕዝባዊ ክንውን። «እጮኛዬ ስለነበረች» ወይም «ራሷ ስለላከችልኝ» የሚል ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 24 ክብርና መልካም ስምን፣ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። ፎቶውን ማንሳትዎ ጥፋት አይደለም፤ ለወደዱት ሰው መላክዎም ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የተፈጸመው ቻናሉ ላይ ሲወጣ፣ ከዚያም በፊት የመጀመሪያዋ ዛቻ ስትጻፍ ነው።

ይህን ካልሁ በኋላ በተቃራኒው በኩል ያለውንም ስሕተት ማረም አለብኝ። «እርቃን ፎቶ ያሰራጨ ይህን ያህል ዓመት ይፈረድበታል» ሲባል ሰምተው ይሆናል። በኢትዮጵያ ሕግ የአዋቂን ሰው የግል ምስል ያለ ፈቃድ ማሰራጨትን በስሙ ጠርቶ ወንጀል የሚያደርግ፣ ለዚህ ብቻ የተጻፈ አንቀጽ የለም። ይህ ትልቅ ክፍተት ነው፤ መሞላት አለበት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም ይህን ክፍተት አይደፍነውም፤ በዋናነት የሚመለከተው የሰዎችን መረጃ የሚሰበስቡና የሚያቀናብሩ ተቋማትን ነው። እስከዚያው የምንሠራው ባለን ነው፤ ያለን ደግሞ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው።

የዚህ አዋጅ አንቀጽ 13 በሰዎች ነጻነትና ክብር ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን ይዟል። ሦስት ንዑስ አንቀጾች አሉት፤ ሦስቱም ለጉዳይዎ ይሠራሉ፣ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም። የመጀመሪያው በኮምፒውተር ሥርዓት አማካይነት ጽሑፍ፣ ድምፅ ወይም ምስል በማሰራጨት ሌላውን ሰው ወይም ቤተሰቡን በከባድ አደጋ ወይም ጉዳት ማስፈራራትን ይመለከታል፤ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት፣ ነገሩ ከባድ ሲሆን እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ሁለተኛው ስለ ተጎጂው ወይም ስለ ቤተሰቡ መረጃ በመላክ ወይም ደጋግሞ በማስተላለፍ ፍርሃትን፣ ስጋትን ወይም የሥነ ልቦና ጫናን መፍጠርን ይቀጣል፤ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራት፣ ከባድ ሲሆን እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት። ሦስተኛው የሰውን ክብር ወይም መልካም ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ፣ ድምፅ ወይም ምስል ማሰራጨት ነው፤ እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 30,000 ብር መቀጮ ወይም ሁለቱም። ይህ ሦስተኛው የሚያስቀጣው ተበዳዩ አቤቱታ ሲያቀርብ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን አቤቱታ አቅራቢን አይጠብቁም፤ ዐቃቤ ሕግ በራሱ ሊይዛቸው ይችላል።

ይህ ልዩነት ጉዳይዎን የሚወስነው ይመስለኛል፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት። ሰዎች ፖሊስ ጣቢያ ሲደርሱ «ስሜን አጠፋው» ብለው ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ነገሩ በሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ ሥር ይወድቅና «ፎቶውን እሱ መለጠፉን በምን ታስረጃለሽ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ቻናሉን የሚያስተዳድረው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ፎቶው የሄደው ወደ እሱ ብቻ መሆኑ ጠንካራ የአካባቢ ሁኔታ ማስረጃ (በተዘዋዋሪ የሚያስረዳ) ነው፤ ብቻውን ግን ላይበቃ ይችላል። ዛቻውን ግን ማን እንደጻፈው ግልጽ ነው፤ ከስልክ ቁጥሩ ጋር፣ ከቀኑ ጋር፣ ከተጠየቀው ገንዘብ ጋር እጅዎ ላይ አለ። ስለዚህ አቤቱታዎን በዛቻው ላይ ይትከሉ። በመጀመሪያ ዛቻውን ይጻፉ፤ ቀጥሎ የተጠየቀውን ገንዘብ፤ ከዚያ የፎቶውን መውጣት የዛቻው ፍጻሜ አድርገው ያቅርቡት። «እልካለሁ» ያለበት ቀንና ፎቶው የወጣበት ቀን ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ቻናሉን በተመለከተ የጎደለውን ማስረጃ ጥሩ አድርገው ይሞላሉ። ከአዋጁም በተጨማሪ የወንጀል ሕጉ የሰውን ገመና አወጣለሁ ብሎ በማስፈራራት ጥቅም መጠየቅን በራሱ ወንጀል አድርጎታል። የሚጠይቀው ገንዘብ በእርግጥ ያወጣው ቢሆን እንኳ ይህ አይለወጥም። ገንዘብ ይገባኛል ባይ የሚሄድበት ቦታ ፍርድ ቤት ነው።

እዚያው ቴሌግራም ውስጥ አካውንትዎ በየትኞቹ መሣሪያዎች ላይ እንደተከፈተ የሚያሳይ ዝርዝር አለ። ይመልከቱት። የማያውቁት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ መጀመሪያ ስክሪንሾት ያንሱት፣ ከዚያ ያስወጡት፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም ያብሩ። «ሌላ ሰው ከእሷ ስልክ ሰርቆ ቢያወጣውስ?» የሚለው የተከላካይ ጠበቃ ጥያቄ አይቀሬ ነው፤ መልሱ ከወዲሁ በእጅዎ ይኑር።

«በብልግና ይከሱኝ ይሆን?» ላሉት፣ አይመስለኝም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 640 የብልግና ጽሑፎችንና ምስሎችን የሚመለከት ሲሆን ዓላማው የሚነግዱትን፣ ለአደባባይ የሚያሳዩትንና የሚያሰራጩትን መያዝ ነው። ሁለት አዋቂዎች በመተማመን የተለዋወጡት የግል ፎቶ የዚያ አንቀጽ ዒላማ አይደለም። ጣቢያ ውስጥ ደግሞ ሕግ ያልሆነ ነገር ሊሰሙ ይችላሉ፤ በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታልና «ምን ብለሽ ላክሽለት?» የሚል አይጠፋም። መልስ የመስጠት ግዴታ የለብዎትም። «የመጣሁት ስለ ዛቻው ነው» ብለው ወደ ጽሑፍዎ ይመለሱ።

አንድ ነገር ግን በእርግጠኝነት ማወቅ አለብዎት፤ ከፎቶዎቹ መካከል 18 ዓመት ሳይሞላዎት የተነሳ አለ? ካለ ነገሩ ሌላ ነው። የአዋጁ አንቀጽ 12 ለአካለ መጠን ያልደረሰ ሰው በግልጽ ወሲባዊ ድርጊት ላይ የሚታይበትን ምስል ማዘጋጀትን፣ ማሰራጨትንና መያዝን ጭምር ከሦስት እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። በዚህ ሁኔታ ፎቶውን ለማስረጃ ብለው እንኳ ለጓደኛ፣ ለጠበቃ ወይም ለዘመድ አይላኩ፤ ስልኩን እንዳለ ይዘው በቀጥታ ወደ መርማሪ ይሂዱ።

አሁን ወደ ቨርጂኒያ። «አሜሪካ ያለን ሰው ማን ይነካዋል?» የሚለው ግማሹ እውነት ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 25 መሠረት ድርጊቱ የተፈጸመበትና ውጤቱ የደረሰበት ቦታ ሲለያዩ፣ ውጤቱ የደረሰበትም ቦታ ወንጀሉ እንደተፈጸመበት ይቆጠራል። ዛቻው የደረሰዎትና ክብርዎ የተነካው አዲስ አበባ ነውና የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ሥልጣን አለው፤ የኮምፒውተር ወንጀሎችን በመጀመሪያ ደረጃ የሚያየው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ችግሩ ሰውዬውን ማቅረብ ላይ ነው። ኢትዮጵያና አሜሪካ ተጠርጣሪ አሳልፎ የመስጠት ስምምነት የላቸውም። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከሳሽ በሌለበት ማስቻል የሚፈቀደው በመሠረቱ 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ለሚያስቀጡ ወንጀሎች ነው፤ ይህ ጉዳይ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ እዚህ የሚከፈተው መዝገብ እሱ እስኪመጣ ሊቆም ይችላል። ይህ ማለት ግን ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ሰው ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለበዓል አገሩ ይመጣል። ቻናሉን የሚያስተዳድረው ሰው ደግሞ እዚሁ ከሆነ ራሱን ችሎ ይጠየቃል፤ አዋጁ አገልግሎት ሰጪዎች የኮምፒውተር ትራፊክ መረጃን (መልእክት ከየት ወደ የት፣ መቼ እንደሄደ የሚያሳየውን) ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል፣ መርማሪውም ሊጠፋ የሚችል መረጃ ተጠብቆ እንዲቆይ ማዘዝ ይችላል። ቴሌግራም ራሱ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ በሕጋዊ ጥያቄ የጥፋተኞችን ስልክ ቁጥርና የኢንተርኔት አድራሻ ለባለሥልጣናት ሊሰጥ እንደሚችል በደንቡ ላይ አስፍሯል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ቶሎ ከተጠየቀ ነው።

ሰዎች የሚዘነጉት የአሜሪካውን በር ነው፤ በእርስዎ ጉዳይ ይህ በር ከእዚህኛው የሰፋ ነው። ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሰውን እርቃን ምስል ለማስገደድ፣ ለማዋከብ ወይም ለማስፈራራት ብሎ ያለ ፈቃድ ማሰራጨትን ወንጀል አድርጋለች፤ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ያስከትላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በኮምፒውተር ተቀነባብሮ የተሠራን ሐሰተኛ ምስል በዚሁ ውስጥ አስገብታለች። እ.ኤ.አ. ሜይ 19 ቀን 2025 የተፈረመው የፌዴራል ሕግ የአዋቂን የግል ምስል ያለ ፈቃድ ማውጣትን እስከ ሁለት ዓመት እስር ያስቀጣል፤ መድረኮችም ተጎጂው በጠየቀ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ያስገድዳል፣ ለዚህ ሥርዓት እንዲዘረጉም እስከ ሜይ 19 ቀን 2026 ጊዜ ሰጥቷቸዋል። ከአገር ወደ አገር በሚሻገር መልእክት «ስምሽን አጠፋለሁ» ብሎ ገንዘብ መጠየቅም ከዚያ በፊት ጀምሮ የፌዴራል ወንጀል ነው። አቤቱታ ለማቅረብ አሜሪካ መገኘት አያስፈልግዎትም፤ የኤፍ.ቢ.አይ. የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማዕከል ተጠርጣሪው አሜሪካ ውስጥ ያለበትን አቤቱታ ከውጭ አገርም በኢንተርኔት ይቀበላል። የሚኖርበትን ከተማ፣ ስልክ ቁጥሩንና የሥራ ቦታውን የሚያውቁትን ያህል ይጻፉ፤ ዛቻዎቹን ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉመው ከአማርኛው ጋር ያያይዙ። ዜግነት ያላገኘ ሰው ከሆነ የወንጀል ጥፋተኝነት የመኖሪያ ፈቃዱንም አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

ይህን የመጨረሻውን ግን በእሱ ላይ መልሰው አይጠቀሙበት። «ይህን ያህል ካልከፈልኸኝ ለኤፍ.ቢ.አይ. እነግርብሃለሁ» ብለው ከጻፉ፣ እሱ ያደረገውን ዓይነት ማስፈራራት እርስዎም ፈጸሙ ማለት ነው፤ ማስረጃዎን በገዛ እጅዎ ያበላሹታል። መክሰስ ከፈለጉ ይክሰሱ እንጂ በክስ አያስፈራሩ።

ስለ መክፈል ያለኝ መልስ አጭር ነው፤ አንድ ሳንቲም አይክፈሉ። ገንዘቡን ሲቀበል ፎቶዎቹ ከእሱ ዘንድ አይወጡም፤ ቅጂ አይቆጠርም። የሚያተርፈው አንድ ነገር ቢኖር እርስዎ እንደሚከፍሉ ማወቁ ነው። ለብቻዎ ከእሱ ወይም ከላከው ሰው ጋር ለመገናኘትም አይስማሙ።

ሽምግልናን አልንቅም፤ አጎቱም በጎ አስበው ይሆናል። ነገር ግን ሽምግልና ሊያስታርቅ የሚችለው ሁለት ሰዎች ሲበዳደሉ ነው። እዚህ በዳይና ተበዳይ አለ፣ በዳዩም ገና እያስፈራራ ነው። በሕጉም በኩል ዕርቅ ሊያስቆመው የሚችለው በአቤቱታ ብቻ የሚያስቀጣውን ሦስተኛውን ንዑስ አንቀጽ ነው፤ ዛቻውን በሚመለከቱት ላይ የሽማግሌ ቃል ዐቃቤ ሕግን አያስርም። ሽማግሌ ቢመጣ «ዛቻውን እንዳደረገና ፎቶውን እንደለጠፈ በፊርማው ያምናል?» ብለው ይጠይቁ። ካመነ ወረቀቱ ማስረጃ ነው። ካላመነ ዕርቁ በምን ላይ ሊቆም ነው? በአቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል የጊዜ ገደብ አለውና ሽማግሌ በመጠበቅ ወራት አያሳልፉ።

ፎቶውን ማስነሳት ከክሱ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ ሥራ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅ። ማስረጃውን ካስቀመጡ በኋላ ልጥፉንም ቻናሉንም ለቴሌግራም ያመልክቱ፤ ጥቂት የሚያምኗቸው ሰዎችም እንዲሁ ያድርጉ። ከሥሩ ገብቶ መከራከር ግን ልጥፉን ለብዙ ሰው ከማሳየት በቀር ጥቅም የለውም። ወደ ሌሎች መድረኮች እንዳይሻገር ስቶፕ ኤንሲአይአይ የተባለው ነጻ አገልግሎት አለ፤ ዕድሜያቸው 18 የሞላቸውን ያገለግላል። ፎቶው ከስልክዎ አይወጣም፤ እዚያው ስልክዎ ላይ የፎቶው ዲጂታል አሻራ ይሠራና አሻራው ብቻ ለተባባሪ ኩባንያዎች ይላካል፤ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ገና ያልወጡትን ፎቶዎችም ማስመዝገብ ስለሚቻል፣ ለእርስዎ ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ጉግልም የግል ምስሎች በፍለጋ ውጤቱ እንዳይታዩ ጥያቄ ይቀበላል፤ ይህ ግን ምስሉን ከመነሻው ገጽ አያጠፋውም። ማንም «ከኢንተርኔት ላይ ሙሉ በሙሉ አጠፋልሻለሁ» ብሎ ገንዘብ ቢጠይቅዎ አይመኑት።

ስለ ካሳ እውነቱን መናገር አለብኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 29 ምስሉ እንዳይታይ የማስቆም መብት ይሰጥዎታል፤ ከሥራ በመባረር ወይም ቤት በመቀየር የደረሰ ኪሳራ ካለም በማስረጃ ይጠየቃል። ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ግን በአንቀጽ 2116 መሠረት ከ1,000 ብር አይበልጥም። በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር ክብደት ነበረው፤ ዛሬ አንዲት ሴት በአደባባይ ለተገፈፈችው ክብር ይህን መስጠት ሌላ ስድብ ነው። ይህ ጣሪያ ከብዙ ዓመታት በፊት መነሳት ነበረበት። በአንጻሩ የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ተጎጂዋ በፍትሐ ብሔር እንድትከስና የደረሰባትን ጉዳት ወይም በሕጉ የተቆረጠውን 150,000 ዶላር እንድትጠይቅ ይፈቅዳል፤ ፍርድ ቤቱም በተለዋጭ ስም እንድትከራከር ሊፈቅድላት ይችላል። ለዚህ በአሜሪካ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ያስፈልጋል። እዚህ አገር በፍትሐ ብሔር ከከሰሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት እንዳያልፍ፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ የይርጋ ዘመን ያለው ወንጀል ሲሆን ብቻ ነው ጊዜው የሚረዝመው።

ይህን ለሚያነቡ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚሠሩ እህቶች አንድ ማስጠንቀቂያ። እነዚያም አገሮች የሰውን የግል ምስል ማሰራጨትን በከባድ ይቀጣሉ። ነገር ግን ከጋብቻ ውጭ ስላለ ግንኙነት ያላቸው ሕግ በአቤቱታ አቅራቢዋ ላይ ሊዞር ይችላል። ስለዚህ ለፖሊስ ቃል ከመስጠታችሁ በፊት የአገሩን ጠበቃ ወይም ቆንስላውን አማክሩ።

ለእርስዎ የምመክረውን ቁርጥ አድርጌ ልንገርዎት። ዛሬ ማታ ማስረጃውን በሁለት ቦታ ያስቀምጡ፤ አንዱ ከስልክዎ ውጭ ይሁን። ከዚያ ለሰውዬው አንድ መልእክት ብቻ ይጻፉ፦ «ፎቶዎቼን ለማንም እንድታሳይ ፈቅጄልህ አላውቅም፤ የወጣውን አንሳ፣ ሌሎቹንም አታውጣ።» ይህ ፈቃድ አለመኖሩን በቀኑ ይመዘግብልዎታል። ከዚያ በኋላ አይመልሱለት፤ ነገር ግን አይዝጉት፣ ድምፁን ብቻ ያጥፉት፤ የሚጽፈው ሁሉ ወደ መዝገቡ ይገባል። ለአባትዎ ከእሱ በፊት እርስዎ ይንገሩ፤ በቀጥታ ከከበደዎት እናትዎ ወይም የሚያከብሯቸው አንድ ዘመድ ይቅደሙ። ቁጣ ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን ከእርስዎ አፍ የሰሙት አባት በማያውቁት ቁጥር ፎቶ ከተላከባቸው አባት ይሻላል፣ ሰውዬውም የሚያስፈራራበት ነገር ያጣል።

በሁለት ቀን ውስጥ በጽሑፍ የተዘጋጀ አቤቱታ ይዘው ፖሊስ ጋ ይሂዱ። የአዋጁን አንቀጽ 13 ንዑስ አንቀጽ 1፣ 2 እና 3 በቁጥር ይጥቀሱ፤ በሦስተኛው መሠረት አቤቱታ ማቅረብዎን በግልጽ ይጻፉ፣ አለበለዚያ ያኛው ክፍል ይወድቃል። ሴት መርማሪ እንዲመደብልዎ ይጠይቁ። ፎቶዎቹን በሙሉ አያስረክቡ፤ ቻናሉ ላይ የወጣው አንዱ ይበቃል፣ እሱም በታሸገ ፖስታ ይቀመጥ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የግል ሕይወትን ለመጠበቅ በዝግ ችሎት እንዲታይ ይፈቅዳል፤ ይህም ሳይጠየቅ ሊታለፍ ስለሚችል ዐቃቤ ሕጉን ያስታውሱት። ጣቢያው «ሰውዬው ውጭ አገር ነው» ብሎ አቤቱታዎን አልቀበልም ካለ በቃል ተመልሰው አይውጡ፤ የተቀባዩን ስምና ቀኑን ጽፈው ይያዙና በዚያው ሳምንት ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ዐቃቤ ሕግ ይሂዱ። ጠበቃ መቅጠር ከከበደዎት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ አቤቱታውን የሚጽፍልዎ ሰው እዚያ ያገኛሉ።